ለጌሙ 18፣ ለድራማው ዝም፦ የዕድሜ ቁጥሮች ለምን አይገጥሙም?

ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ ሲያዩ ልብ ብለው ይሆናል። ሰውየው በጣቱ የያዘው ሲጋራ ደብዝዟል። ጠረጴዛው ላይ ያለው የመጠጥ ብርጭቆም ደብዝዟል። እዚያው ብርጭቆው አጠገብ የተቀመጠው ሽጉጥ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ትንሽ ቆይቶ ሽጉጡ ይተኮሳል፣ ሰው ይወድቃል፣ ሸሚዙ በደም ይርሳል፤ ከዚህ ውስጥ የሚደበዝዝ ነገር የለም። ይህ የቴክኒክ ብልሽት አይደለም። የቱርክ ሕግ ሲጋራ በቴሌቪዥን እንዳይታይ ይከለክላል፤ ጣቢያዎቹ አልኮልንም ይሸፍናሉ። ጥይትና ደም ግን የሚዳኙት በሌላ መንገድ ነው፦ ምስሉ ሳይሸፈን ዝግጅቱ ላይ የዕድሜ ምልክት ይለጠፍበታል። ድራማው ድንበር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ሲደርስ ድብዝዝታው ምስሉ ላይ የተጋገረ ስለሆነ አብሮ ይመጣል። የዕድሜ ምልክቱ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል።

ይህንኑ ድራማ ከቤተሰቡ ጋር ሲያይ ያመሸ የ12 ዓመት ልጅ በማግስቱ ሰፈሩ ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ሲገኝ ቁጣው ሌላ ነው። «እዚያ የሚጫወቱት ጌም 18 ነው አሉ!» ይባላል። አባባሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ድራማው ላይ ቁጥር ያልታየው ግን ለልጅ የተመቸ ስለሆነ አይደለም፤ ቁጥሩ መንገድ ላይ ስለቀረ ነው።

ሀዋሳ ውስጥ፣ ሌላውም ከተማ እንዲሁ ነው፣ ብዙ ወላጅ 18 ከ12 የባሰ፣ ቁጥር የሌለው ደግሞ ንጹሕ እንደሆነ አድርጎ ያነባል። ነገር ግን የጌም ቁጥርና የቴሌቪዥን ቁጥር፣ ጤፍ በኪሎ ዘይት በሊትር እንደሚለካው፣ በአንድ መስፈሪያ አልተሰፈሩም። ከዚያም በላይ ቁጥር ብቻውን ማንንም አያስቆምም። ቁጥሩን ይዞ በር ላይ የሚቆም ሻጭ፣ ሰዓት ወይም ማሽን ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ወደ እኛ ሲመጡ ያ በር አልመጣም።

ቁጥሩን የሚሰጠው ማነው?

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 (ከአገራችን አዋጆች ቁጥር በቀር ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካ ሴኔት «ሞርታል ኮምባት»ን በመሰሉ ጌሞች ላይ የምክር ቤት ክርክር አካሄደ። የጌም ኩባንያዎቹ መንግሥት ሕግ ሳያወጣባቸው ለመቅደም በ1994 ኢኤስአርቢ የተባለውን ደረጃ ሰጪ ቦርድ ራሳቸው አቋቋሙ። በዲስክ ለሚሸጥ ጌም አሳታሚው ዝርዝር መጠይቅ ይሞላል፤ ከጌሙ ውስጥ ከበድ ያለውን ይዘት ሁሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ያቀርባል፤ ቢያንስ 3 ገምጋሚዎች አይተው ደረጃ ይሰጡታል። «ኢ» ለሁሉም፣ «ኢ10+» ከ10 ዓመት በላይ፣ «ቲ» ከ13፣ «ኤም» ከ17፣ «ኤኦ» ለአዋቂ ብቻ ማለትም ከ18 በላይ ነው።

አውሮፓ በ2003 ፔጊ የሚባለውን ሥርዓት ጀመረ። ሀዋሳ ውስጥ በእውነተኛ ካርቶኑ የሚገኝ የፕሌይስቴሽን ዲስክ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው የፔጊ ቁጥር ነው፦ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18። ፔጊ ዓመፅን የሚለካበት መንገድ ግልጽ ስለሆነ ማወቁ ይጠቅማል። እውነተኛ የማይመስል፣ ዝርዝር የሌለው ድብድብ 7 ላይ ይቆማል። ሰው በሚመስል ገጸ ባሕሪ ላይ የሚደርስ፣ ግን እውነት የማይመስል ዓመፅ 12 ነው። በእውነተኛ ሕይወት የምናየውን የሚመስል ከሆነ 16። ያለምክንያት መግደል፣ ራሱን መከላከል የማይችልን ሰው ማጥቃት፣ የአካል መቆራረጥ ሲመጣ 18 ይሆናል። ስለዚህ «ቴከን 7» 16 ነው፤ የቅርቦቹ «ሞርታል ኮምባት»ና «ጋድ ኦፍ ዎር» 18 ናቸው። ሦስቱም ድብድብ ነው፤ የለያያቸው ሲመቱ የሚታየው ነገር ነው።

ቴሌቪዥን ላይ አሠራሩ ይገለበጣል። የአሜሪካው የቴሌቪዥን ደረጃ በ1997 መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲውል ቁጥሩን የመስጠቱን ሥራ የወሰዱት ጣቢያዎቹ ናቸው። ዝግጅቱ ከመተላለፉ በፊት የሚያየው የውጭ ገምጋሚ የለም፤ ቅሬታ ከመጣ በኋላ የሚሰማ አካል ነው ያለው። ቲቪ-ፒጂ (ወላጅ ይምራው)፣ ቲቪ-14 (ከ14 በላይ)፣ ቲቪ-ኤምኤ (ለአዋቂ፣ ከ17 በላይ) የሚሉት ምልክቶች በዝግጅቱ መጀመሪያ ለ15 ሴኮንድ ያህል ጥግ ላይ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። ዜናና ስፖርት ከናካቴው ደረጃ የላቸውም። ጣቢያው በአድማጭ ተመልካች ቁጥር ላይ የሚኖር ድርጅት ነው፤ ዝግጅቱን 17 ቢለው ማስታወቂያ አስነጋሪ ሊሸሸው ይችላል። እንግዲህ ሬሳ ተቀዶ ሲመረመር የሚያሳይ የፖሊስ ድራማ ቲቪ-14 ይዞ መሄዱ ሊያስገርም አይገባም። ያንኑ ትዕይንት ያስገባ ጌም በቀላሉ ወደ «ኤም» ሊገፋ ይችላል።

ሌላው ልዩነት ቶሎ የማይታይ ነው፤ እኛ ግን ዋናው ይመስለናል። ጌም የሚመዘነው እንደ አንድ ዕቃ ነው። 40 ሰዓት የሚፈጅ ጌም ውስጥ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ አንድ የሚዘገንን ትዕይንት ካለ፣ ካርቶኑ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 18 ተጽፎበታል። ተከታታይ ድራማ ግን ደረጃው በየክፍሉ ሊሰጥ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 10 ክፍሎች የፍቅርና የቤተሰብ ጉዳይ ሆነው ያልፉና 30ኛው ላይ አስገድዶ መድፈር ወይም ራስን ማጥፋት ይመጣል። ወላጅ «እኔም አብሬው አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚለው የመጀመሪያዎቹን አይቶ ነው። ጌሙ ከፊት አስጠንቅቆ ሳለ ተወገዘ፤ ድራማው ሳያስጠነቅቅ ቤተኛ ሆነ። አዘውትረን የምናየው ቅሬታ ሲመረመር ብዙው እዚህ ላይ ያርፋል።

አንድ ዓመት የሚያህል ገደል

የሁለቱ መስፈሪያ ልዩነት ከሁሉ ይልቅ ገሃድ የወጣው «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ» ላይ ነው። ጌሙ በ2004 ሲወጣ «ኤም» ማለትም 17 ነበር። ሰው በመንገድ ላይ መግደል፣ አደንዛዥ ዕፅ፣ ስድብ፣ ሁሉም ታይቶ 17 ተባለ። በ2005 ግን ሠሪዎቹ ዘግተው ዲስኩ ላይ የተዉትን የወሲብ ትዕይንት ኮምፒውተር የሚችሉ ተጫዋቾች ቁልፉን ሰብረው አወጡት። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ደረጃው ወደ «ኤኦ»፣ ወደ 18 ተቀየረ። ከ17 ወደ 18 የአንድ ዓመት ፈቅ ማለት ነው፤ ነገር ግን ትልልቆቹ የአሜሪካ መደብሮች «ኤኦ» የተባለ ጌም አይሸጡም፣ የኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ያለ የጌም ማሽን) ኩባንያዎቹም በማሽናቸው ላይ አይፈቅዱም። ጌሙ ከመደርደሪያ ወረደ፤ ትዕይንቱ ተቆርጦ ሲመለስ ዳግም 17 ሆነ። ያው ትዕይንት በኬብል ቴሌቪዥን ተከታታይ ውስጥ ቢሆን ቲቪ-ኤምኤ ተለጥፎበት ያልፍ ነበር፤ ከቲቪ-ኤምኤ በላይ ሌላ እርከን የለማ።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚሆን አንድ ነገር አለ። «ሳን አንድሪያስ» ብዙ ቤት ኮምፒውተር ላይ በፍላሽ እየተገለበጠ የተጫነ ጌም ነው፤ ብዙ ጊዜም ሞድ (ሌሎች ሰዎች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ለውጥ) ተጨምሮበት ይዞራል። ደረጃ የተሰጠው ለቦርዱ የቀረበው ቅጂ ብቻ ነው። ሞድ የተጨመረበት ጌም ውስጥ ምን እንዳለ ከቁጥሩ ማወቅ አይቻልም። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ሲጫወቱ በማይክ የሚሰማው ስድብም እንዲሁ ነው፦ ኢኤስአርቢ ራሱ በኢንተርኔት ላይ የሚደረግ ግንኙነት ደረጃ እንዳልተሰጠው በግልጽ ያስታውቃል።

እያንዳንዱ አገር የሚፈራውን ይለካል

ጀርመን እስከ ነሐሴ 2018 ድረስ የናዚ ምልክት በፊልም ውስጥ በታሪክና በሥነ ጥበብ ስም ሲፈቀድ፣ በጌም ውስጥ ግን መወገድ ነበረበት። አንዱ ታሪክ፣ አንዱ ጦርነት፣ አንዱ ምልክት፤ ሲኒማ ቤት ይታያል፣ ጌም ውስጥ ይፋቃል። አውስትራሊያ ደግሞ ለፊልም 18 የሚል እርከን ሲኖራት ለጌም አልነበራትም፤ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ የጌም ጣሪያው 15 ነበር። ከዚያ የከበደ ጌም ወይ ይታገዳል ወይ ይቆረጣል። «ሌፍት ፎር ዴድ 2» በ2009 የተሸጠው ከታገደ በኋላ ደሙ ተቀንሶለት ነው። ልጅን ለመጠበቅ የታሰበው ደንብ የወለደው ሌላም ነገር አለ፦ ሌላ አገር 18 የተባሉ አንዳንድ ጌሞች ጥቂት ተነክተው ብቻ 15 በሚል ለገበያ ቀረቡ።

አሜሪካ ውስጥ የካሊፎርኒያ ግዛት ዓመፅ ያለበትን ጌም ለልጅ መሸጥን በሕግ ሊከለክል ሞክሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በ7 ለ2 ድምፅ ሕጉን ሻረው። ከተነሱት ነጥቦች አንዱ፣ ግዛቱ ያቀረባቸው ጥናቶች የሚያሳዩት ተፅዕኖ ልጆች በቴሌቪዥን ካርቱን ሲያዩ ከሚታየው ብዙም የማይለይ ሆኖ ሳለ፣ ካርቱኑን ትቶ ጌሙን ብቻ መቅጣት አያስኬድም የሚል ነው። በውሳኔው መስማማት ግዴታ አይደለም፤ የአሜሪካ ሕግ የሚለካው የመናገር ነፃነትን ነው። ጥያቄው ግን ለእኛም ይሆናል።

ኳስም እዚህ ይገባል። የ«ፊፋ» ጌም በፔጊ 3 ነው፤ የ3 ዓመት ልጅን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም ማለት ነው እንጂ ለ3 ዓመት ልጅ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ውስጡ ግን ተጫዋች የሚወጣበት ፓክ በእውነተኛ ገንዘብ ይሸጣል፤ የሚወጣው አይታወቅም። ቤልጂየም ይህን እንደ ቁማር ስለቆጠረችው ሽያጩ በ2019 መጀመሪያ እዚያ ቆመ። ፔጊ ከ2020 ጀምሮ ቁማር የሚያስተምር አዲስ ጌም በሙሉ 18 ይሁን ብሏል፤ የፓኩ ሽያጭ ግን በዚያ አልተያዘም፣ ያኔ የሚታየው በጌም ውስጥ ግዢ እንዳለ በሚገልጽ ማሳሰቢያ ነበር። እውነተኛው የእንግሊዝ ጨዋታ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ ደግሞ ቁጥር የለበትም። የአንዳንዱ ክለብ ማልያ ደረት ላይ ግን ለዓመታት የውርርድ ድርጅት ስም ተጽፎ ታይቷል፤ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ከደረት ለማንሳት የተስማሙት ከ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ነው። ከጨዋታው በኋላ ልጁ የሚያልፈው በቤቲንግ ቤት ደጃፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ዜናና የስልክ ቪዲዮ ነው። የተሳለ ደም 18 ይባላል። በቴሌግራም የሚዞረው የእውነተኛ ሰው ሬሳ ቁጥር የለውም። ልጅ ሌሊት የሚያባንነው የትኛው እንደሆነ ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ሰዓት እንደ በር

ቴሌቪዥን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በሰዓትም ይጠበቃል። እንግሊዝ ውስጥ ለልጅ የማይሆን ዝግጅት በነፃ ጣቢያዎች ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አይተላለፍም። አሜሪካ ውስጥ ነውር የሚባል ይዘት በአየር ሞገድ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ኬብልን ግን አይመለከትም፣ ዓመፅንም አይመለከትም። በእኛም አገር የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አለ፤ የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጠውና የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥን የወጣው በሌላ ሕግ፣ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥን ባለቤት አለው። ጌምን በዕድሜ የሚመድብ አገራዊ ተቋም ግን የለንም፤ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚያውቀው የንግድ ፈቃድና ግብር ነው።

የሰዓት በር በሦስት መንገድ ይፈርሳል። አንደኛው ዲሹ ነው፤ ከሌላ አገር የሚመጣ ጣቢያ የሚጠብቀው የራሱን ምሽት እንጂ የእኛን አይደለም። የለንደን ምሽት 3 ሰዓት በክረምታቸው እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ይህ ይጠቅመናል። ከእኛ በስተምሥራቅ ካሉ አገሮች የሚመጣው ደግሞ በተቃራኒው ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው ድጋሚ ሥርጭት ነው። ማታ የታየ ድራማ በማግስቱ ጠዋት ወይም ከሰዓት ይደገማል። በፈረቃ የሚማር ልጅ፣ እናትና አባቱ ሥራ ውለው ቤት ብቻውን የሚሆነው በዚያው ሰዓት ነው። ሦስተኛው ዩቲዩብ ነው፤ እሱ ጋ ማታም ቀንም የለም።

ፕሌይስቴሽን ቤቱ ውስጥ

ከመናኸሪያ እስከ ታቦር፣ ከአቶቴ እስከ ሐይቅ ዳር ሀዋሳ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት በየሰፈሩ አለ። አብዛኛው ልጅ የሚሄደው ለኳስ ነው፤ ይህ መታወቅ አለበት። ችግሩ ያለው ማሽኑ አጠገብ ካርቶን አለመኖሩ ላይ ነው። ጌሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጭኖ የመጣ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የጌሙ ሥዕል ብቻ ነው፣ ቁጥሩ በሥዕሉ ላይ የለም። ባለቤቱም የጫነለት ልጅ የሰጠውን 30 ወይም 40 ጌም ተቀብሎ ነው፤ ብዙዎቹን ከፍቶ አያውቃቸውም። ሌላው ችግር አግዳሚው ነው። ተራ የሚጠብቀው የ9 ዓመት ልጅ ኳስ ሊጫወት መጥቶ፣ አጠገቡ ያለው ጎረምሳ «ጂቲኤ 5» ሲጫወት ግማሽ ሰዓት ያያል። ጌም የሚመዘነው ለተጫዋቹ ነው፤ ቆሞ የሚያየው ልጅ በየትኛውም መስፈሪያ ውስጥ አልተቆጠረም።

ለባለቤቶች ከሁሉ የሚሠራው መፍትሔ ቀላሉ ነው። ከማሽኖቹ አንዱን ወይም ሁለቱን ለልጆች ለይቶ፣ ከእነዚያ ላይ ኳስ፣ የመኪና ውድድርና መሰል ጌሞችን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ማጥፋት። ያልተጫነ ጌም በማንም ብልሃት አይከፈትም። የአዋቂዎቹን ቴሌቪዥን ደግሞ ከአግዳሚው በማይታይ አቅጣጫ ማዞር ነው። ይህ ሁለቱ ወጪ የለውም።

ማሽኑን መቆለፍም ይቻላል። በፕሌይስቴሽን 4 «ሴቲንግስ» ይክፈቱ፣ «ፓረንታል ኮንትሮልስ/ፋሚሊ ማኔጅመንት» ውስጥ ይግቡ፣ «ፒኤስ4 ሲስተም ሪስትሪክሽንስ» የሚለውን ይምረጡ። የሚጠይቀው የሚስጥር ቁጥር ካልተቀየረ 0000 ነው፤ መጀመሪያ እሱን ይቀይሩ፣ አለበለዚያ የቀረው ልፋት ከንቱ ነው። ከዚያ «ዲፎልት ፓረንታል ኮንትሮልስ» ውስጥ የጌም ዕድሜ ገደብ ይሰጣሉ። እዚያው ያለውን አዲስ ተጠቃሚ የመፍጠርና በእንግዳ የመግባት ፈቃድም «ኖት አላውድ» ያድርጉት።

ሦስት ነገሮች እዚህ ይበላሻሉ። «ፋሚሊ ማኔጅመንት» የሚባለው ለየልጁ የተለየ ገደብ የሚሰጠው ክፍል የኢንተርኔት አካውንት ይፈልጋል፤ የተሰበረ ወይም «ሃክ የተደረገ» ማሽን ደግሞ ከኢንተርኔት ተለይቶ ነው የሚኖረው። ስለዚህ እዚያ ያለው አማራጭ ለሁሉም እኩል የሚሠራው ዲፎልት ገደብ ነው፤ ማሽን መለየት የሚሻለውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ማሽኑ የጌሙን ደረጃ የሚያነበው ከጌሙ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፋይሉን የነካካው ሰው ያንን ከለወጠው ቁልፉ አያየውም። ሦስተኛ፣ የሚስጥር ቁጥሩ ከተረሳ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ከማስጀመር ሌላ መንገድ የለም፣ ውስጡ የተቀመጠ ሁሉ ይጠፋል፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉት።

በፕሌይስቴሽን 3 ቁልፉ «ሴኩሪቲ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው፤ የፋብሪካ ቁጥሩ እሱም 0000 ነው። ገደቡ ከ1 እስከ 11 ባሉ እርከኖች ይሰጣል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ይጠብቃል። በአሜሪካው ደረጃ «ቲ» 5 ላይ፣ «ኤም» 9 ላይ ነው፤ እንግዲህ 5 ላይ ቢያቆሙት ከ13 በላይ የተባለውን አሳልፎ 17 የተባለውን ይይዛል። ፕሌይስቴሽን 2 ለጌም ምንም ቁልፍ የለውም፤ ያለው ለዲቪዲ ፊልም ብቻ ነው።

ሪሲቨሩና ስልኩ

ሪሲቨር ላይ ሁለት ዓይነት ቁልፍ አለ፤ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን በማምታታት ነው። አንዱ በዕድሜ የሚቆልፍ ነው፦ 12፣ 16፣ 18 ብለው ይመርጣሉ። ይህ የሚሠራው ጣቢያው ከሥርጭቱ ጋር የዕድሜ መረጃ ሲልክ ብቻ ነው። ካልላከ ሪሲቨሩ የሚያነበው ነገር ስለሌለ ሁሉንም ያሳልፋል። ዲኤስቲቪ ላይ ይህ ይሠራል፤ 13፣ 16፣ 18 የሚሉት ቁጥሮች ከምክንያታቸው ጋር ይመጣሉ፦ ቪ ዓመፅ፣ ኤል ስድብ፣ ኤስ ወሲብ፣ ኤን እርቃን። በነፃ ቻናሎች ግን አይተማመኑበት። እዚያ የሚያዋጣው ሁለተኛው፣ ቻናሉን ራሱን የሚቆልፈው ነው። በብዙ ሪሲቨሮች ቻናል ማስተካከያው ውስጥ የቁልፍ ምልክት አለ፤ ቻናሉን መርጠው ምልክቱን ያደርጉበታል፣ ከዚያ ሲከፈት ቁጥር ይጠይቃል። እዚህም የፋብሪካው ቁጥር ብዙ ጊዜ 0000 ነው። ሜኑውንም አብረው ይቆልፉ፤ ካልቆለፉ ልጁ ሪሲቨሩን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሶ ሁሉንም ያጠፋዋል።

ይህን ሁሉ አድርገውም ቁልፉ አንድ ቀን ጠፍቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ቻናል ፍሪኩዌንሲ ሲቀይርና እንደገና ሰርች ሲደረግ፣ ሪሲቨሩ ያንን ቻናል እንደ አዲስ ነው የሚመዘግበው፤ ቁልፍ የለውም። ሶፍትዌር ሲጫንም እንዲሁ ይሆናል። የዲሽ ሠራተኛ ቤት መጥቶ በሄደ ቁጥር ማየት ነው።

ስልክ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ የተለየ ነው። ፕሌይ ስቶር ከ2015 ጀምሮ የሚጠቀመው ሥርዓት የጌሙ ሠሪ ራሱ በሞላው መጠይቅ ላይ ተመሥርቶ ደረጃውን በኮምፒውተር ያወጣል፤ አንዱ መልስ ለአሜሪካ በአሜሪካ መስፈሪያ፣ ለአውሮፓ በአውሮፓ መስፈሪያ ተሰልቶ ይወጣል። «ፐብጂ» አሜሪካ ውስጥ 13፣ አውሮፓ ውስጥ 16 የሆነው በዚህ የመስፈሪያ ልዩነት ነው፤ ጥይቱ አንድ ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ ከሥሩ የተጻፈውን ምክንያት ያንብቡ። 16 በስድብ የመጣና 16 በደም የመጣ ለአንድ ልጅ እኩል አይደለም። የኮንሶል ጌም ከሆነ የጌሙን ስም ከኢኤስአርቢ ጋር ፈልገው ሲያገኙት ጌሙ ውስጥ የሚታየውን በአንድ አንቀጽ የሚያስረዳ ማጠቃለያ አለው፤ እንግሊዝኛ ለሚችል ታላቅ እህት ወይም ወንድም ሰጥቶ ማስነበብ ነው።

ለመቆለፍ ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ፣ የራስዎን ምስል ይንኩ፣ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ፋሚሊ»፣ ከዚያ «ፓረንታል ኮንትሮልስ» ያብሩና ፒን ይስጡ፤ «አፕስ ኤንድ ጌምስ» ላይ ዕድሜውን ይምረጡ። ይህ ከዚህ በኋላ ከስቶር የሚወርደውን ብቻ ነው የሚይዘው። አስቀድሞ የተጫነውን አያነሳም፤ ከቴሌግራም ወይም በዜንደር ከጓደኛ ስልክ የመጣውንም አያይም። ለእሱ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ከማይታወቅ ምንጭ አፕ የመጫን ፈቃድ የሚለውን መፈለግ ያስፈልጋል። በአንድሮይድ 8ና ከዚያ ወዲህ ባሉ ስልኮች ይህ ፈቃድ ለየአፑ የተለየ ነው፦ ለቴሌግራም፣ ለዜንደር፣ ለክሮም፣ ለፋይል ማናጀሩ ለየብቻ ይዘጋል፤ አንዱ ክፍት ከቀረ ጌሙ በእሱ በኩል ይጫናል።